የጠቆረው ድሪ

ንፋስ መውጫ፣ የካቲት 18 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት እማሆይ ወለተ ሐና፣ ኢየሩሳሌም።

በጌታ መቃብር ደጅ ቆመው ስማችንን የሚጠሩልን እማሆይ፣ ብርዱን እንደምን ተወጡት? እኔ የአክስትዎ ልጅ ቦጋለች እስካሁን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ለዚህም እሱ ይመስገን። ከብቱ ደኅና ነው። ገብሱን ግን ውርጭ መታው፤ ከአውድማው የገባው ከዘሩ ብዙም አይበልጥም።

ልጄን ፈንታውን በጥር ዳርኩት። ሙሽራዪቱ ሐረገ ወይን ትባላለች፤ የወገዳው የአቶ ተሻገር ልጅ ናት። ስማዳ፣ ወገዳ ድረስ ሽማግሌ ልኬ፣ ዘሯን አስቆጥሬ፣ ያለ አንዳች ነቀፌታ ነው ያመጣኋት። መልኳ ደግ ነው፤ አፍ የላትም፤ እንዝርት ስትይዝ እጇ ያምራል። ደስ ይበልዎ ብዬ ልጨርስ በወደድኩ፤ ብዕር ያስያዘኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ እዚሁ በአገራችን ቤተ ልሔም ደብር ፊደል ያስቆጠረኝ ለዚህ ቀን ኖሯል፤ ይህን ነገር ለጸሐፊ ነግሬ አላስጽፈውም።

እርስዎ ሲመነኩሱ «ለቤቱ ሙሽሮች ይሁን» ብለው ድርሻዎን የተዉበትን የአያታችንን ድሪ ያስታውሱታል፤ ከማርትሬዛ ብር የተሠራውን፣ መካከሉ ላይ ሦስት የወርቅ ፍሬ ያለውን። በሠርጉ ማግስት ድሪውን ከሳጥኔ አውጥቼ፣ ጸጉሯን በገዛ እጄ ቅቤ ቀብቼ፣ በገዛ እጄ አንገቷ ላይ አሰርኩላት። ወር ሳይሞላ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ወርቁ ብቻ አልተነካም።

ገበያ ስትወጣ የሰው ሁሉ ዓይን አንገቷ ላይ ያርፋል። ብር በሰው ገላ ላይ ሲጠቁር የደም ነገር ነው ይላሉ፤ እኔም ወደዚያው ሳላዘነብል አልቀረሁም። ተፈጥሮዬን ያውቁታል፤ ዝንብ ያረፈበትን ወተት ለውሻ የምሰጥ ሴት ነኝ። አሁን ልጅቷ ለመቁረስ ስታጎነብስ ያ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሎ ወጡ ጫፍ ሲደርስ ከገበታው እነሣለሁ። ከቤቷ ይዛው የመጣችው የናስ አምባር ደግሞ ክንዷን አረንጓዴ አድርጎታል፤ ሽታው ከታጠበች በኋላም ይከተላታል። እሷ የጠጣችበት ዋንጫ ሠራተኛዪቱ በአመድ ሳትፈትገው ወደ ጓዳ አይገባም። እያየች ነው የሚፈተገው። ምን ላድርግ፣ ያቅለሸልሸኛል።

እኔም በታኅሣሥ እስቴ ለቅሶ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ እሱን ይተዉት፣ የዕድሜ ነው።

እርስዎ የገዳሙን ንዋየ ቅድሳት እንደሚያጥቡ ሰምቻለሁ። ብር እንዴት ይነጻል? ወርቁስ? ናሱን ልጣለው? ለትንሣኤ ዘመድ ይመጣብኛልና አደራዎን ቶሎ ይጻፉልኝ።

ጸሎትዎን ናፋቂ፣ ቦጋለች


ኢየሩሳሌም፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሮ ቦጋለች።

የአብርሃምን ድንኳን የጎበኘ ቤትሽን ይጎብኝልሽ፤ ለፈንታውና ለሐረገ ወይን የተባረከ ልጅ ይስጣቸው።

ደብዳቤሽ በሕማማት ደረሰኝ። ያን ሰሞን መቅረዙም ጽናውም መስቀሉም ሁሉ ወርዶ የሚታጠብበት ስለሆነ እጄ ከአመድ አልወጣም፤ የዘገየሁት ለዚህ ነው። ዘመዶችሽ መጥተው ሄደዋል መሰለኝ። ድሪውን ከነጥቁረቱ አይተውት ከሆነም የሞተ የለም።

ስለ ጽዳቱ ልንገርሽ፤ ግን እንደምነግርሽ አድርጊ እንጂ እንደምታውቂው አታድርጊ። ማዕድን ሁሉ በአንድ ውኃ አይታጠብም። መጀመሪያ ድሪውን ፍቺውና ክሩን እሳት ውስጥ ጣዪው። ሰው ብሩን ያጥባል እንጂ ክሩን አይለውጥም፤ ቆሻሻው ግን የሚኖረው ክሩ ላይ ነው። የአያታችን ቅቤ፣ የእናትሽ ቅቤ፣ ያንቺ የሙሽርነት ቅቤ ሁሉም እዚያ ገምቶ ተቀምጧል።

ብሩን ለብ ባለ ውኃና በእንዶድ አረፋ ዘፍዝፊው። ቅባቱ ሲለቅ እንደ ዱቄት በተነፋ አመድና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለሽ ወልውዪው። ጥቁሩ እምቢ ካለ ከትምህርት ቤት ጠመኔ ለምኚ፤ ፈጭተሽ በጥቂት አረቄ ለውሺና እንደገና ወልውዪው። አሸዋ እንዳታስጠጊ፤ ብር ይጭራል። የወርቁን ፍሬ ግን አመድም ጠመኔም አይንካው። ወርቅ አይጠቁርም፤ ለብ ያለ ውኃና ጨርቅ ይበቃዋል። ናሱን ደግሞ ለምን ትጥዪዋለሽ? ናስና መዳብ በሎሚና በጨው ይነጻል፤ ወዲያው አለቅልቀሽ ካላደረቅሽው ግን ከበፊቱ የባሰ አረንጓዴ ይሆናል። ክንድን አረንጓዴ የሚያደርገው ላብ ነው። ላብ የሌለው ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚያዝ ብቻ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የቅቤና የላብ ዕድፍ ግራጫ ነው፤ በእንዶድ ይለቃል። አንቺ የጻፍሽልኝ ዓይነት ጥቁረት ግን ብሩ አጠገብ የኖረ አንድ ነገር የሚያመጣው ነው። ከሠርጉ በፊት ድሪው የት ነበር? በምን ተጠቅልሎ? ሳጥኑ ውስጥ ከምን ጋር? ይህን ሳትጽፊልኝ የልጅቷን ደም አታንሺብኝ። ዋንጫውንም እሷ እያየች አታስፈትጊ። የማትችዪ ከሆነ ዞር እስክትል ጠብቂ፤ ይህ ለአንድ የግራዝማች ሚስት ብዙ አይደለም።

በቁመቴም በመኝታዬም የማስብሽ፣ ወለተ ሐና


ንፋስ መውጫ፣ ሰኔ 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለክብርት እማሆይ ወለተ ሐና።

የኪዳነ ምሕረት ጥላ ከራስዎ አይራቅ። እኛ ዝናቡ ገብቶብናል፤ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለው ጭቃ ጫማ ያስቀራል።

እንዳዘዙኝ አደረግሁ፤ ባላደረግሁት ይሻለኝ ነበር። ክሩን ስበጥሰው ከየፍሬው ቀዳዳ ቢጫና ጥቁር የተቀላቀለበት ቅባት እንደ መግል ወጣ። ጸጉር አለበት፤ የቆዳ ቅርፊት አለበት። የእንዶዱ ውኃ ተጓጎለ። ሠራተኛዪቱ ደጅ ስትደፋው ውሻችን ቀርቦ አሸተተና ሸሸ፤ ያ ውሻ የሞተ አህያ የሚበላ ነው። ለጠመኔው መምህር ሥዩም ዘንድ ሄድኩ። «ወይዘሮ ቦጋለች ትምህርት ሊጀምሩ ነው?» ብለው ሳቁብኝ፤ ሰጡኝ ግን።

ከብዙ ልፋት በኋላ ብሩ ነጣ። አድርቄ፣ በአዲስ ክር ሰክቼ፣ ለጰራቅሊጦስ እሰጣታለሁ ብዬ በሳጥኔ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። በበዓሉ ቀን ብከፍተው መልሶ ጠቁሯል። ከአንገቷ ርቆ እንኳ አልለቀቀውም እማሆይ። የልጅቷ ነገር ምን ያህል ብሩ ውስጥ ቢገባ ነው እያልኩ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ወርቁንም በአመድ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ። አይንካው ብለውኛል፤ ግን እንዲያ ካለ ጥቁር ነገር አጠገብ የኖረ እንዴት ሳይፈተግ ይቀራል? ከሥሩ ነጭ ወጣ። ወርቄን አውጥታ ብር አስገብታበታለች። አባቷ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው ነው፤ አንጥረኛ አይጠፋውም።

የባሰውን ልንገርዎ። በጣቶቿ መካከልና በእጇ አንጓ ላይ ቁስል አየሁ። ሲመሽ ትቧጭራለች፤ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፣ ድምፁ ያንገፈግፈኛል። ብር የጠቆረባት፣ ጣቷ የቆሰለ ሴት ምን ትባላለች? ስሙን መጥራት ይቀፈኛል። ቁምጥና ነው። የስማዳ ዘመዶቿ ደብቀውኝ ነው የሰጡኝ። መደቧን ለይቻለሁ፣ ዋንጫዋን ለይቻለሁ። ፈንታውም ጎኑን እያከከ ዝም ይላል።

ሳጥኑን ጠይቀውኝ ነበር። ሳጥኔ ንጹሕ ነው።

ታዛዥዎ፣ ቦጋለች


ኢየሩሳሌም፣ ነሐሴ 4 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቦጋለች።

የፍልሰታን ጾም በሰላም ያስፈጽምሽ፤ አንደበትሽንም አብሮ ያስጹምልሽ።

የድሪው የወርቅ ፍሬ ውስጡ ሁልጊዜም ብር ነበር። አያታችን የወርቅ ሴት አልነበረችም፤ ብሩን ወርቅ አስቀብታው ነው። ቅቡን የፈተግሽው አንቺ ነሽ። ሌባ ከፈለግሽ የደፋሽውን አመድ ጠይቂው።

«ቁምጥና» ያልሽበት ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ። እኔ ይህን ሕመም አውቀዋለሁ፤ እዚህ የሕሙማኑን ቁስል ከሚያጥቡ እናቶች ጋር ውኃ አመላልሻለሁ። የያዘው ገላ ይደነዝዛል፤ ፍም ቢያርፍበት አይሰማውም። ልጅቷ ግን ታክካለች ትዪኛለሽ። የሚያሳክከው እከክ ነው፤ እሱም በዘር አይወረስም፤ ከመኝታ፣ ከልብስ፣ ከእጅ ይጋባል። እሷም ፈንታውም ካከኩ እነሱ ላይ ያጋባ ሰው ቤታችሁ ውስጥ አለ። ምንጣፉን አፍልታችሁ እጠቡ፤ ደብረ ታቦር ሐኪም አለ፣ ሁላችሁም ሂዱ።

ያን ቃል ግን ለጎረቤትም ለንስሐ አባትሽም እንዳታወጪው። አንዴ ከወጣ በእንዶድም በጠመኔም አይለቅም። የእሷን ብቻ ሳይሆን የእህቶቿንም ትዳር ይዘጋል፤ አንቺ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ሳጥኔ ንጹሕ ነው ብለሻል። እኔ የጠየቅሁሽ ውስጡ ምን እንዳለ ነው።

ወለተ ሐና


ንፋስ መውጫ፣ መጋቢት 8 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለክብርት እማሆይ ወለተ ሐና።

የጾሙ በረከት ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልዎ ለትንሣኤ ወደ እርስዎ የሚመጡት የቤተ ልሔሙ መምሬ አዱኛ ናቸው። ደግ ቄስ ናቸው፤ ወሬ ግን ይወዳሉ።

ያለፈው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ነገሩ አልቆ ነበር። ክረምቱ ፖስታውን አዘገየው። ሐረገ ወይን በኅዳር ወደ ወገዳ ተመልሳለች። አላዋረድኳትም፤ በበቅሎ ነው የሸኘኋት። ቃሉንም እኔ አላወጣሁትም። ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ድሪውን መሐላቸው አስቀመጥኩላቸው፤ የተረዱትን ተረዱ። አንደኛው በዘንጉ ጫፍ ነካ አደረገው እንጂ እጁን አላሳረፈበትም።

ስትሄድ አላለቀሰችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትጠጣበት የኖረችውን ዋንጫ ልውሰደው አለችኝ። ውሰጂው አልኳት፤ ከእንግዲህ ማን ይጠጣበታል?

ለፈንታው ታች ጋይንት አንዲት የደኅና ሰው ልጅ አይቻለሁ። እሱ አፉን ከፍቶ እሺም እምቢም አላለም። ለመጪው ጥር እንዲደርስ ድሪውን በመምሬ አዱኛ እጅ ልኬልዎታለሁ። በእርስዎ እጅ ይታጠብ፤ በዮርዳኖስ ውኃም ይነከር። ከዚያ ወዲያ ጠቁሮ ነበር ብሎ አፉን የሚያላቅቅ አይኖርም። እግረ መንገድዎን የእኔን የብር ቀለበት ይመልከቱልኝ፤ ትንሽ ደብዝዟል። የሟች አማቴ የብር ኩክ ማውጫም አለ። ከአንገቷ ተፈትቶ ከተቀመጠ ጀምሮ ነክቼው አላውቅም፤ ጫፉ ላይ ያለውን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ሁሉንም በሳጥኔ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

በጸሎትዎ የምተማመን፣ ቦጋለች


ኢየሩሳሌም፣ ግንቦት 6 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ቦጋለች።

ምርቃቱን ወደ መጨረሻ አድርጌዋለሁ፤ መጀመሪያ ላይ እጄ እምቢ አለኝ።

መምሬ አዱኛ ጥቅልሉን ሲያቀብሉኝ ሳልፈታው ሽታው ደረሰኝ። ድኝ ነው። በቅቤ የተለወሰ፣ ከርሞ የሸተተ ድኝ። ስፈታው ጨርቁ በቢጫ ቅባት ርሷል፤ ጣቴ ላይ ተለጠፈ፤ አብራኝ የምትኖረው መነኩሲት ተነሥታ መስኮት ከፈተች። ይህ ሰው እከኩን የሚቀባበት ጨርቅ ነው ቦጋለች። ብርን እንደ ድስት ቂጥ የሚያጠቁረውም ድኝ ነው። አጥበሽው በዚሁ ጨርቅ መልሰሽ ጠቅልለሽ፣ መልሶ ሲጠቁር ወገዳ ያለች ልጅ ደም አደረግሽው።

ቀለበትሽንም አየሁት። ትንሽ ደብዝዟል ነበር ያልሽኝ። ከድሪው የባሰ ጠቁሯል፤ ውስጡ ላይ ድኙ ከቆዳ ቅርፊት ጋር ደርቆ ተጋግሯል። ይህን ቀለበት ሐረገ ወይን አጥልቃው አታውቅም። የማን ደም እንበለው ታዲያ?

እንቅልፍ እምቢ አለኝ ያልሽው አሁን ገባኝ። ከእስቴው ለቅሶ፣ ከነማን ጋር በአንድ ምንጣፍ አድረሽ እንደሆነ እንጃ፣ እከክ ይዘሽ ተመለስሽ። አፈርሽ። ተደብቀሽ ድኝ በቅቤ ተቀባሽ፤ የእጅሽን መጥረጊያ የድሪው መጠቅለያ አደረግሽው። በዚያው እጅ የሙሽራ ጸጉር ቀባሽ፣ በዚያው እጅ ድሪ አሰርሽ። እከኩንም ጥቁረቱንም የሰጠሻት አንቺ ነሽ። እከክ መያዝ ነውር አይደለም፤ ንጉሥንም ይይዛል። እኔን ያስጠላኝ፣ የራስሽን እያከክሽ የእሷን ዋንጫ በአመድ ማስፈተግሽ ነው።

ደብዳቤዬ ዘግይቶ ደረሰ ብለሽ ጽፈሻል። በመስቀል ሰሞን ከፖስታ ቤት አምጥተው እጅሽ ላይ ያኖሩት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን መምሬ አዱኛ ነገሩኝ። ወሬ ይወዳሉ ያልሽው እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ልጅቷ የወጣችው በኅዳር ነው። የታናሽ እህቷ የአማረች እጮኝነት መፍረሱንም፣ በአቶ ተሻገር ቤት ውኃ የሚቀምስ እንግዳ መጥፋቱንም ከእሳቸው ሰማሁ።

ኩክ ማውጫውን አፍልቼ አጠብኩት። ከጫፉ የለቀቀውን አልነግርሽም፤ የአማትሽን ነፍስ ይማር። ድሪውን ፍሬ በፍሬ ወለወልኩት፤ በአዲስ ክር ሰካሁት። በልጅነታችን አያታችን አንገት ላይ ያየነውን ይመስላል። ወደ አንቺ ግን አይመለስም። ድርሻዬን የተውኩት ለቤቱ ሙሽሮች ነው፤ ሙሽራዋ ያለችው ወገዳ ነው። መምሬ አዱኛ ለራሷ እጅ ይሰጧታል። ለምን እንደጠቆረ ለሽማግሌዎቹ እንዲናገሩ ለምኛቸው ነበር፤ መጀመሪያ ለቦጋለች ዕድል እንስጣት አሉኝ። ሐምሌ ሳይገባ ካልሄድሽ ይናገራሉ።

ጨርቁን አቃጥዬዋለሁ። ቀለበትሽን ግን አላጠብኩትም፤ እንዳለ ልኬልሻለሁ። አጥልቀሽው ወገዳ ውረጂ፤ ድሪውን መሐል እንዳስቀመጥሽው እጅሽንም መሐል አስቀምጪው።

ምርቃቱ ይኸውልሽ፦ እግዚአብሔር የምትሄጂበትን ጉልበት ይስጥሽ።

ወለተ ሐና


ንፋስ መውጫ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለክብርት እማሆይ ወለተ ሐና።

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ዛሬ አልጽፍም።

ደብዳቤዎን አንብቤ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት፤ መልሼ በጉጠት አወጣሁት። ሰደቡኝ ብዬ ልጽፍልዎ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። በመሐሉ ቀለበቱን አጠለቅሁና እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ዝንብ ያረፈበትን ወተት የማልጠጣው እኔ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የራሴን ሽታ አሽትቼው አላውቅም ነበር። ወጥቼ አስመለሰኝ።

ድኙን ከሩቅያ ሱቅ ሳስገዛ ለንብ ቀፎ ማጠኛ ነው አስብዬ ነበር። ቀፎ እንደሌለኝ ሩቅያም ታውቃለች። የእስቴ ሰዎች ከገበሬ ጋር ደባልቀው አስተኙኝ፤ የግራዝማች ሚስት እከክ ይዟት መጣች ከምባል መሞት ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤዎንም በመስቀል አንብቤዋለሁ። ሽማግሌ ፊት ከመቅረቤ በፊት አንብቤዋለሁ።

ወደ ወገዳ የወረድኩት በሰኔ መጨረሻ፣ በዚያ ጭቃ ነው። ፈንታው በቅሎዬን እየሳበ አብሮኝ መጣ። ለምን እንደምሄድ ስነግረው ዞሮ እንኳ አላየኝም። «አውቅ ነበር» አለኝ፤ «እጅሽ ድኝ ድኝ ይሸት ነበር። ፈርቼሽ ነው ዝም ያልኩት።» ከእኔ የባሰ እሱ አስጠላኝ፤ እሱን ያሳደግሁት ግን እኔው ነኝ።

የሁለቱም ወገን ሽማግሌ በአቶ ተሻገር ግቢ ተቀምጦ ነበር። እጄን ከነቀለበቱ መሐላቸው ዘርግቼ፣ የእከኩን፣ የድኙን፣ የጨርቁንና የደብዳቤዎን ነገር ሳላስቀር ተናገርኩ። ያ ባለ ዘንግ ሽማግሌም ነበረ። በዘንጉ ጫፍ ቀለበቴን ነካ አድርጎ አየው፤ እጁን አላሳረፈብኝም። አቶ ተሻገር አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። የአማረችን እጮኛ ቤተሰብ አስጠርተው «እኚህ ሴት ያሉትን ሰምታችኋል?» ብቻ አሉ። ሰምተናል አሉ። ነገሩ ከመከር በኋላ እንደገና ይታያል ተባለ።

ሐረገ ወይን ድሪውን አድርጋው ወጣች። ነጭ ነው፤ ዓይን ያጭበረብራል። ሦስቱ የመካከል ፍሬዎች እኔ እንደፈተግኋቸው ወርቃቸው ለቆ ቀርተዋል። ቁስሏ ድኖ እጇ ላይ ጠባሳው እንኳ በደንብ አይታይም። ውኃ አስታጠበችኝ፤ ጠላ ቀዳችልኝ። ዋንጫውን አወቅሁት፤ ከቤቴ ይዛው የሄደችው ነው።

«ይጠጡ እሜቴ፣ ንጹሕ ነው» አለችኝ።

ጠጣሁት። ትመለሳለች ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ እሷም አላነሣችውም። ፈንታው ግን አብሮኝ አልተመለሰም። የአማቱን በሬዎች ጠምዶ ያርሳል ሲሉ ሰማሁ፤ ታች ጋይንት ላሉትም መልእክት ልኬ ነገሩን አቋርጬዋለሁ። ሳጥኔን በእንዶድ አጥቤ ከነክዳኑ ደጅ አስጥቼዋለሁ፤ ውስጡ የሚገባ ነገር የለኝም።

ያን ቀን ከወገዳ ልሄድ ስነሣ በቅሎዋ እስክትጫን ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሐረገ ወይን ዋንጫውን ይዛ ወጣች። ከእኔ ጥቂት ራቅ ብላ ቁጭ አለች፤ እፍኝ አመድ አደረገችበትና እኔ እያየሁ ውስጡንም ከንፈሬ ያረፈበትን ጠርዙንም አጥብቃ ፈተገችው። ከዚያም አለቅልቃ አጥሩ ላይ ደፋችው።

በቅሎዬ ላይ ወጣሁና መንገዴን ጀመርኩ።

የአክስትዎ ልጅ፣ ቦጋለች